የደቻቱ ዳርና ዳር፤ ከዚራና መጋላ እንዴት እንደ ቆሙ

ይህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተሰጠን ሥራ ስለምንኖርባት ከተማ ስለ ድሬዳዋ ታሪክና መልክዐ ምድር እንድንጽፍ ነው። ድሬዳዋን በሙሉ በጥቂት ገጽ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህም በመካከሏ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝና በግራ ቀኙ የተተከሉትን ሁለቱን ዋና ሰፈሮች፥ ከዚራንና መጋላን መረጥን።

የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከእኛ ገሚሶቻችን ከመጋላ፥ ገሚሶቻችን ከከዚራ እየመጣን በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ ስለሆንን፥ ወንዙን በየቀኑ እየተሻገርነው የት እንደሚመነጭና ማን በዳሩ እንደ ሰፈረ ሳናውቅ ትምህርታችንን ብንጨርስ ነውር መስሎ ስለ ታየን ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይጠልቃል። ከተማችን ከሩቅም ከቅርብም በመጡ ሰዎች የተሠራች ናት። ሆኖም ቀድሞ የመጣው ለኋለኛው «መጤ» የሚል ስም ሲሰጥ በየዘመኑ ተሰምቷል። እንግዲህ ታሪኩ ሲመረመር መጤ የሚባለው ማን ነው? ቀድሞ የመጣውስ ዘግይቶ ለሚመጣው ምን ቦታ አቆየለት? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

የቦታው አቀማመጥ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ይህን ግድግዳ በጠመዝማዛ እየወጣ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ቀርቶ ብርድ ይጀምራል። በስተሰሜን ደግሞ አገሩ እየዘቀዘቀ ወደ ሽንሌ በረሓ ይዘረጋል። ስለዚህ ከተማይቱ የቆመችው ደጋና በረሓ በሚገናኙበት ደፍ ላይ ነው። ወደ ደጋ የሚወጣና ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ ማረፊያ ያደረጋትም ይኸው አቀማመጧ ነው።

ዝናቧ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እርሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ ይመጣል። በቀረው ወራት ሰማዩ ደረቅ፥ ፀሓዩም ብርቱ ነው።

የደቻቱ ጠባይ ከዚህ አቀማመጥ የተነሣ ነው። ወንዙ ከደቡቡ ተራራ ተነሥቶ ከተማውን ለሁለት ከከፈለ በኋላ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ይወርድና በዚያ በአሸዋ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ይመስላል፤ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የእንግዳ ሰው ዓይን ወንዝ ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን በደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል፥ የተራራው ተዳፋት ቀጥ ያለና ዛፉም የሳሳ በመሆኑ፥ ውኃው ወደ መሬት የሚሰርግበት ጊዜ አያገኝም። በየሸለቆው እየተጠራቀመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በከተማው መካከል ይደርሳል። በከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ቃል ለዚህ ወንዝ የተነገረ ይመስለናል።

እንዲህም ሲባል ወንዙን ጠላት ብቻ አድርገን ማየታችን አይደለም። ከተማው የተሠራበት ለጥ ያለው ሜዳ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ይህና እንደዚህ ያሉት ወንዞች ከተራራው እያመጡ ያነጠፉት ደለል ነው። በአሸዋው ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ከመሬት በታች ይጠራቀማል፤ ከተማችን የምትጠጣውም ከሳቢያንና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚሳበውን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ስለዚህ መሬቱንም መጠጡንም የሰጠን ወንዝ ነው ማለት ይቻላል።

ከከተማው በፊት

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ይህ ስፍራ ባዶ ነበረ የሚል አነጋገር አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ይህ ግን ልክ አይደለም። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደል ላይ የሚገኘው ዋሻ በጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ የታወቀ ነው። ዋሻውን ሄንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊና ቴያር ደ ሻርደን የተባለው ካህንና የጥንተ ምድር ሊቅ በ1929 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አይተውት፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቆፍሯል። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በዚያ ዋሻ የተቀመጡት ሰዎች ስማቸውም ቋንቋቸውም አልቀረልንም፤ የቀረልን ከሁሉ ይልቅ የሳሉት ድንጋይ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በዚህ ሜዳ ላይ ከብታቸውንና ግመላቸውን የሚያሰማሩት የኢሳ ሶማሌዎች፥ እንደዚሁም የጉርጉራና የኖሌ ሰዎች ነበሩ። የቦታው ስም ከእነርሱ የተወረሰ ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው ይላሉ። በሶማሌዎችም ዘንድ ስሙ ከድር ነገድ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ትርጓሜ ይዘው ይኖራሉ፤ እኛም ስሙ ለሁለቱም በመመቸቱ ደስ ይለናል እንጂ አንዱን መርጠን ሌላውን አንጥልም።

በዚያ ዘመን ትልቁ የንግድ መንገድ ከዘይላ ተነሥቶ በበረሓው አቋርጦ ሐረር ይገባ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከተራራው ግርጌ የሚያርፈው በጊልዴሳ ነበር፤ ቀረጥም የሚከፈለው በዚያ ነበር። ድሬዳዋ ከተቆረቆረች በኋላ ግን ጊልዴሳ እየቀዘቀዘች ሄደች። አንድ ከተማ ሲነሣ ሌላው ሊወድቅ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

የባቡሩ መምጣት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ከበረሓው ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣው ገደል ለባቡር የማይቻልና ወጪውም ከአቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደቻቱ ዳር ደረሰ። አዲስ የተቆረቆረውም ስፍራ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይህ ስም በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የአገሬው ሰው ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም፤ በመጨረሻም ያሸነፈው የአገሬው ስም ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለባቡሩ ባለቤቶች መከራ፥ ለድሬዳዋ ግን ዕድል ነበር። ኩባንያው በገንዘብ እጥረትና በፈረንሳይና በእንግሊዝ መንግሥታት ፉክክር ምክንያት ከድሬዳዋ አልፎ መሥራት አልቻለም። በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የመንገዱ መጨረሻ ሆና ቆየች። ከጂቡቲ የመጣው አቡጀዴ፥ ጨውና ልዩ ልዩ ዕቃ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከመሐል አገር የመጣው ቡና፥ ቆዳና የዝሆን ጥርስም ከግመል ወርዶ በባቡር ይጫናል። ጭነት በሚወርድበትና በሚጫንበት ቦታ ተሸካሚ፥ ሚዛን ያዥ፥ ደላላ፥ አስተርጓሚ፥ ዳቦ ጋጋሪና አልቤርጎ ቤት ያስፈልጋል። ባቡሩ ሳይቆም አልፎ ቢሄድ ኖሮ ድሬዳዋ ምናልባት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር።

ከዚራ

ባቡሩ ያረፈው በደቻቱ ምዕራብ ነው። ኩባንያው በዚያ ጣቢያውን፥ የባቡር መጠገኛውንና የሹማምንቱን መኖሪያ ሠራ። ይህ ሰፈር ከዚራ ነው። ከዚራ ያደገው እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች በጌታ ግቢ ዙሪያ አይደለም፤ አስቀድሞ በወረቀት ላይ በማስመሪያ ተነድፎ ነው። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። በጣቢያው ፊት አደባባይ አለ፤ በየመንገዱ ዳርም ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ተተክለዋል። ቤቶቹ ለሙቀት እንዲመቹ ወፍራም ግንብና ሰፋ ያለ በረንዳ አላቸው። ዛሬም በቀትር ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሰው የዛፉ ጥላ ሲቀበለው ሰፈር መለወጡን በገላው ያውቀዋል።

በከዚራ የሰፈሩት በመጀመሪያ የኩባንያው ፈረንሳውያን ነበሩ። ከእነርሱ ጋር በሐዲዱ ሥራ ላይ የነበሩ ግሪኮች፥ ቀጥሎም አርመኖች፥ ኢጣልያኖችና ሌሎችም መጡ። ግሪኮች በግንበኝነት፥ በሆቴልና በዳቦ ቤት ታወቁ፤ ግሪክ ካምፕ የሚባለው የሰፈር ስም ዛሬም ያስታውሳቸዋል። አርመኖች በእጅ ሥራና በንግድ ተሰማሩ። የካቶሊክ ሚሲዮን አባቶችም ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት አቋቁመው ነበር። ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ራሱ፥ በዋሻው ታሪክ ያነሣነው፥ በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮ ነበረው።

በዚህ ሰፈር ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ቤት የሆነው ግን የባቡር መጠገኛው ነው ብንል አላጋነንንም። «ሸመንደፈር» የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፥ ትርጉሙ የብረት መንገድ ማለት ነው። የሸመንደፈር ሠራተኛ መሆን በድሬዳዋ ትልቅ ማዕረግ ነበር። ከገጠር የመጣው ወጣት በዚያ ብረት ማቅለጥን፥ መቀጥቀጥንና መሞረድን ተማረ፤ ደመወዙን በወር እየተቀበለ በደወል መግባትና በደወል መውጣትን ለመደ። ከአያቶቻችን መካከል የአባታቸውን እርሻ ትተው በዚያ የተቀጠሩ አሉ። እነርሱም ከግሪኩና ከፈረንሳዊው ባላነሰ ለዚህ ቦታ እንግዶች ነበሩ።

መጋላ

በደቻቱ ምሥራቅ የሚገኘው መጋላ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። መጋላ ማለት በአካባቢው ቋንቋ ከተማ ወይም ገበያ ማለት ነው። ይህን ሰፈር የነደፈው ማስመሪያ አይደለም፤ የሰው እግርና የግመል ኮቴ ነው። መንገዱ ይጠብባል፥ ይታጠፋል፥ ድንገት ወደ አንድ ግቢ ይገባል፥ መልሶም ይወጣል። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። መካከሉ ገበያ ነው፤ ከሁሉ የታወቀውም ቀፊራ ነው። በቀፊራ ከደጋ የወረደ አትክልትና እህል፥ ከቆላ የመጣ ወተትና ከብት፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅና ቅመም ጎን ለጎን ይሸጣል።

በመጋላ የሰፈሩት ከሐረር የወረዱ አደሬዎች፥ ሶማሌዎች፥ ኦሮሞዎች፥ ዐረቦችና ሕንዶች፥ እንደዚሁም ከመሐል አገር የመጡ አማሮችና ጉራጌዎች ናቸው። ከየመን የመጡት ዐረቦች በትንንሽ ሱቅ የታወቁ ነበሩ። ስኳሩንና ጨውን በሣንቲም እየቆነጠሩ ለድኻ የሚሸጡ፥ በዱቤም የሚሰጡ እነርሱ ነበሩ። ሕንዶቹ በጨርቅና በጅምላ ንግድ፥ በተለይም መሐመድ ዓሊ በተባለው ትልቅ የንግድ ቤት አማካይነት በአገሪቱ ሁሉ ስማቸው የታወቀ ነበር።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ገበያ ስለ ተገናኙ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይማር መኖር አልቻለም። የድሬ ልጅ በቤቱ አንድ ቋንቋ፥ በገበያ ሌላ፥ በጓደኛው ቤት ሦስተኛ ቋንቋ ቢናገር ማንም አይደነቅም። ምግባችንም እንዲሁ ነው። ሳምቡሳና ባጊያ፥ ሙሸበክና ሐላዋ፥ ፉልና እንጀራ በአንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ የትኛው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ በላተኛ ግን የለም።

አንባቢ እንደሚመለከተው ሁለቱ ሰፈሮች በመልክ ይለያያሉ፥ በአመጣጥ ግን አንድ ናቸው። ከዚራን ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች በማስመሪያ ሠሩት፤ መጋላን በረሓ አቋርጠውና ደጋ ወርደው የመጡ ሰዎች በእግራቸው ሠሩት። ሁለቱንም የጠራቸው ያው ባቡር ነው። አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም። ጥላውና ሰፊው ጎዳና፥ ንጹሑም ውኃ አስቀድሞ የተዳረሰው ለከዚራ ነው።

የመምጣትና የመሄድ ዘመን

ከዚያ በኋላ በከተማይቱ ላይ ብዙ ነገር አለፈ። ግንቦት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወራሪ ጦር ገባ። በወረራው ዘመን በአካባቢው ካለው የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ የሚያወጣ ፋብሪካ ተሠራ። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ከከተማይቱ ተባረሩ። ከነፃነት በኋላ የጨርቃ ጨርቁና የሲሚንቶው ሥራ፥ የባቡሩም ጉዞ እየሰፋ ሲሄድ ከተማዋ ሠራተኛን ከየአገሩ ሳበች።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ቤትና ሱቅ የነበራቸው የውጭ አገር ሰዎች ንብረታቸው ሲወሰድ ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ፥ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሌላም ስፍራ ሄዱ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሶማልያ ጦር ሠራዊት እስከ ከተማው ዳር ደርሶ ተዋጋ፤ ከተማይቱም ሳትያዝ ቀረች። የዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ሽማግሌዎች የመድፉን ድምፅ አሁንም ያነሡታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት የግሪኩና የአርመኑ፥ የሕንዱና የዐረቡ ቤት ቁጥር እያነሰ ሄደ። ቤቶቻቸው ግን ቀሩ፤ ሌላ ሰው ገባባቸው። በአንዱ ሰው የተተከለው ዛፍ ለሌላው ጥላ ሆነ።

ሐዲዱም እንደ ሰው አረጀ። አሮጌው የአዲስ አበባ ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ መምጣቱን ተወ፤ ከዚራም የደወሉን ድምፅ አጣች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ያልፋል። አሮጌው ጣቢያ በአደባባዩ ላይ ቆሞ ይታያል፤ የመጠገኛው መሣሪያም በውስጡ እንዳለ አለ።

ዘግይተው የመጡት

ባቡሩ ቢደክምም የሰው መምጣት አልቆመም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በከተማው ብቻ 233,224 ሰው ተገኝቷል። ከዚህም መካከል ከገጠር የመጣ ብዙ ሰው አለ። አንዱ ድርቅ አባርሮት፥ አንዱ ጦርነት ሸሽቶ፥ ሌላው የቀን ሥራና ንግድ ፈልጎ መጣ። እነዚህ ሲመጡ ግን ከዚራ ሞልቶ ነበር፤ መጋላም ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ሰፈሮች ያልያዙት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በመካከላቸው ያለው የወንዙ ዳርቻ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ፥ ለገበያ የቀረበ፥ ከልካይም ያልነበረው ነው። ድኻው ጎጆውን በዚያ ቀለሰ፤ ለብዙ ዓመትም ወንዙ ዝም አለው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፥ 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከተማው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መጣ። ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ በዳርቻው ያሉትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ሬሳ ከከተማው በታች በሩቅ ሜዳ ላይ ተገኘ። ያን ሌሊት እኛ ገና አልተወለድንም ነበር፤ ነገር ግን በየክፍላችን ከዚያ ቤተሰብ የወጡ ልጆች አሉ። በዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ በአንዳንድ ቤት ሻማ የሚበራው ስለ ምን እንደ ሆነ የምናውቀው ከእነርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ቤታቸውን ላጡም ሌላ መኖሪያ ተሰጠ። ይህ የሚመሰገን ነው። ግንቡ ብቻውን ግን ይበቃል ማለት አንችልም። ውኃው የሚጠራቀመው በደንገጎ ወገን ባለው ተራራ ላይ ነውና፥ መፍትሔው ከዚያ መጀመር አለበት። በተራራው ላይ እርከንና ዛፍ ሲበዛ ውኃው ይሰርጋል፤ ሲሰርግም ጎርፉ ይቀንሳል፥ የጉድጓዱ ውኃም ይጨምራል። በወንዙ ውስጥ የሚጣለው ቆሻሻ ሲቀርም መንገዱ ይጠረግለታል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በጂኦግራፊ ክፍል የተማርነው ነው።

በሃይማኖት ትምህርታችን ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው ምሳሌ ተምረናል። ያ ሰው ሰነፍ ተብሏል። የደቻቱን ዳር ታሪክ ከመረመርን በኋላ ግን በመካከላችን ክርክር ተነሣ። በሐምሌ 1998 ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አሸዋን ከዓለት ለይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ? አይደሉም። ዓለቱ ቀደም ብሎ በመጡ ሰዎች ተይዞ ስለ ነበረ ነው በአሸዋ ላይ የሠሩት። እንግዲህ ምሳሌው የሚመለከተው ሠሪውን ብቻ ሳይሆን ዓለቱን ይዞ የተቀመጠውንም ጭምር ነው ብለን ተስማማን።

መደምደሚያ

በመጀመሪያ ላይ መጤ የሚባለው ማን ነው ብለን ጠይቀን ነበር። ታሪኩ የሰጠን መልስ አጭር ነው። በዋሻው የነበሩት ሄደዋል፤ የግመሉ መንገድ ተለውጧል፤ ፈረንሳዊውና ግሪኩ፥ አርመኑና ሕንዱ መጥተው፥ ሠርተው፥ ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ የሸመንደፈር ሠራተኞች አያቶቻችንም ከሩቅ መጥተው በዚህ ተቀብረዋል። ሁሉም በየተራው እንግዳ ነበረ፥ በየተራውም ባለቤት ሆነ። በዚህ ሜዳ ላይ መቼም መጤ ሆኖ የማያውቀው ደቻቱ ብቻ ነው።

ይህን ማወቃችን ከእኛ አንድ ነገር ይጠይቃል። ከእኛ መካከል በሚቀጥለው ዓመት መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ መምህርና ነጋዴ ለመሆን የሚሄድ አለ። ከተማውን የሚነድፍ፥ ቦታ የሚመራና ውኃ የሚያስገባ ሹም የሚሆንም ይኖራል። የከዚራ ነዳፊዎች ለራሳቸው ሰዎች ሰፊ ጎዳናና ጥላ አሰቡ፤ ደግ አደረጉ፤ እኛም ዛሬ በዚያ ጥላ እንሄዳለን። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ከእነርሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ነው። እኛ ማስመሪያውን ስንይዝ አስቀድመን የምናሰምረው መስመር የወንዙ ወሰን ይሁን። ቀጥሎም ነገ ከገጠር ጨርቁን ተሸክሞ ለሚገባው እንግዳ፥ ከዚያ ወሰን በላይ፥ በጠንካራው መሬት ላይ ቦታ እንተውለት።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን፥ ለድሬዳዋም ሰላምንና በልክ የሚዘንብ ዝናብን እንመኛለን።